ተቆርጦ የቀረው

«ደብዳቤውን ገልጦ ከማንበቡ በፊት መስኮቱን...» ብሎ ሰውየው ሲያነብ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቅ ይላል፦ ቦታ ሞልቷል፤ መቅዳት አይቻልም።

ሰውየው ማይክሮፎኑን ገፋ አድርጎ ስልኩን ያነሳል። መጽሐፍ በድምፁ እያነበበ ለዓይነ ስውራን ማኅበር መቅዳት ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ስቱዲዮው የመኝታ ቤቱ ጥግ ናት። የዚህ መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ መድረስ አለበት፤ አሁን አራት ተኩል ሆኗል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?» ትላለች የማኅበሩ ቴክኒሻን።

«ጠገብኩ ይላል። ምን በልቶ እንደሆነ እንጃለት።»

ትስቃለች። «ጊዜያዊ ፋይል ነው። እርስዎ ቆርጠው የጣሉትን ሁሉ ፕሮግራሙ ጓዳ ውስጥ ሲያጭቅ ከርሟል። አንድ ላይ ይምረጡና ያጥፉት። ቆሻሻ ነው፤ አይሳሱለት።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። እሷ እየመራችው ማኅደሩን ያገኘዋል። ሁለት ሺህ ምናምን ፋይል፤ ስም የለው፣ ቁጥር ብቻ። ሁሉንም ይመርጣል። ግን ሳያዳምጥ የጣለው ነገር ኖሮ አያውቅም፤ አንዱን ይከፍታል።

የራሱ ሳል ነው። ሌላ ይከፍታል፤ የመኪና ጡሩምባ። ሦስተኛው ላይ በር ሲከፈት ይሰማል።

«አንተ! ምሳው በረደ እኮ!»

«ኧረ በፈጠረሽ! እየቀዳሁ ነው አላልኩሽም?»

«እሺ፣ ቀድተህ ቀድተህ ስትጨርስ ጠጣው!» በሩ ይዘጋል።

ያንኑ ፋይል መልሶ ይከፍታል። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ወሯ ነው። ፎቶዋ አለው። የስንቱን ሰው መጽሐፍ ሲቀዳ ሲኖር እሷን ግን አንድ ቀን እንኳ አስቀምጦ አልቀዳትም፤ ድምፅዋ የትም የለም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር።

«ጋሼ፣ እንግዳ አለብዎት እንዴ?» ይላል ስልኩ።

«የለም። ማንም የለም።»

ሌላ ይከፍታል። «ቁልፉን የት ጣልከው?» ትላለች፤ «ውጪልኝ!» ይላል እሱ። ሌላ። ሌላም። እሷ አንድ ቃል፣ እሱ አንድ ቁጣ።

ቀጥሎ የከፈተው ረዘም ይላል። በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሁለት እርምጃ ገብቶ ይቆማል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ያነባል። ገጽ ሙሉ ያነባል፤ ከኋላው ትንፋሽ ብቻ ነው ያለው። አንድ ቦታ ላይ፣ ታሪኩ የሚያስቀው ጋ፣ ሳቋን አፏ ውስጥ አፍና ታስቀራለች። ከዚያ ኮቴው ይመለሳል፣ በሩ ይገጠማል። «ኤጭ! ደግሞ የበሩ ድምፅ ገባብኝ» ይላል የራሱ ድምፅ፤ ገጹንም ከላይ ይጀምራል።

ምንም ልትጠይቀው አልነበረም የመጣችው።

«ጋሼ? አጠፉት?»

«ስሚኝማ። እስካሁን የላክኩልሽ ምዕራፎች እናንተ ጋ አሉ አይደል?»

«ሃያ ሁለቱም አሉ።»

«እንግዲያው እኔ ጋ ያሉትን ላጥፋቸው።»

«ኧረ እሱ የተጣራው ሥራዎ ነው! ቆሻሻውን ይተዉና...»

«ይሁን፣ ልጄ።»

ሃያ ሁለቱን ምዕራፎች ያጠፋል። ቦታ ይለቀቃል። አመስግኖ ስልኩን ይዘጋል፤ ውሃ ይጎነጫል፤ መቅጃውን ይጫናል።

የቀሩትን ዘጠኝ ገጾች ሳያቋርጥ አንብቦ ይጨርሳል። የሚያቋርጠው የለም።