ባዶው ተሳቢ

ያገለገለ የጀልባ ተሳቢ ልገዛ እዚህ ግብፅ ሐዳይቅ አል-መዓዲ የሚባል ሰፈር ስሄድ ጋሽ ለገሠን ይዤ ነበር። አዲስ አበባ ሳሉ የታወቁ የጋራዥ ሰው ነበሩ።

ጎማውን በክሪክ አንሥተው አሽከረከሩት። «ኩሽኔታው ደህና ነው» አሉ። መልሰው ሲያወርዱት ግን ባሌስትራው፣ ከሥር ክብደት የሚሸከመው የብረት ሞላ፣ ከባድ ጭነት እንዳለበት ተለጥጦ ተኛ። ተሳቢው ላይ ምንም የለም።

ግብፃዊው ሻጭ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ፣ «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ዓመት ሙሉ የነካው የለም» አለ። እኔም ቸኩያለሁ፤ ቶሎ ከዚያ መውጣት ፈልጌያለሁ።

ጋሽ ለገሠ አላማራቸውም። ከሥሩ ሊያዩ ተንበረከኩ። ጋራዥ ሳሉ ባሌስትራ ከማየታቸው በፊት ላይ ያለውን ሰው ማስወረድ ልማዳቸው ነበርና፣ ሳያስቡት በአማርኛ «እስቲ ውረዱ» አሉ።

ባሌስትራው ሲጥ ብሎ ትንሽ ከፍ አለ። ቆየ። ደግሞ ከፍ አለ፤ ሰው ተራውን እየጠበቀ እንደሚወርድ ሁሉ።

ጋሽ ለገሠ እንደተንበረከኩ ፈቀቅ ብለው መንገድ ለቀቁ።