ቆርቆሮ ሙሉ ብሎን

ሚስተር ፕሩት አንድ የሾርባ ቆርቆሮ እንደ ሰርግ ስጦታ በሁለት እጃቸው ለዊኒፍሬድ ታልቦት አቀበሏት። ውስጡ ብሎን፣ ዳዶ፣ የጎማ ቁራጭና ግማሽ ላጲስ ይንኳኳል።

«ይህ ሁሉ ከፒያኖው ሆድ የወጣ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ሃምሳ ዓመት ፒያኖ ስቃኝ እንዲህ ያለ ጭካኔ አላየሁም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ እኔ። ግን አይዞዎት እመቤቴ፣ እንደ አዲስ አድርጌዋለሁ።»

ዊኒፍሬድ ቆርቆሮውን አየች። ከዚያ ፒያኖውን። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት። ለዘጠኝ ሃያ አምስት ጉዳይ።

«ልጆቹ አይደሉም» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ሳቁ። እሷ ስላልሳቀች ሳቃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

እነዚያን ሠላሳ ስምንት ኮተቶች በክሮቹ መሐል ለመሰካት ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። አንዱ ክር እንደ ከበሮ፣ አንዱ እንደ ደወል፣ አንዱ እንደ ተቆጣች ድመት እንዲጮህ፣ በማስመሪያ እየለካች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ሙዚቃ ስትደርስ የኒውዮርክ ሰው ግማሹ ስቆባታል፣ ግማሹ ኮቱን አንሥቶ ወጥቷል። አንድም ሥራዋ በሬዲዮ ተሰምቶ አያውቅም። ዛሬ ሊሰማ ነው። ጣቶቿን ደግሞ ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ ለከርሞ ይህን ሥራ የሚጫወት ጣት አይኖራትም። ከእሷ ሌላ የሚጫወተውም የለም።

«ልክ ዘጠኝ ሰዓት ቀዩ መብራት ይበራል» አለ ከአዳራሹ በቀጥታ ሊያስተላልፍ የመጣው የሬዲዮ ሰውዬ ሽቦውን እየዘረጋ። «አንድ ደቂቃ አልጠብቅም ሚስ ታልቦት። ከእርስዎ ቀጥሎ ቤዝቦል አለ።»

«ቤዝቦሉን ማን ይደፍረዋል» አለች።

ሚስተር ፕሩት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ እኮ ልጠቅም ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። በሕይወቱ እንዲህ አምሮ ተቃኝቶ አያውቅም። ችግሩ እሱ ነው።»

ደብተሯን ገለጠች። የእያንዳንዱ ብሎን ቦታ ተጽፏል። የመጀመሪያዋን አንሥታ ወደ ክሮቹ ሰደደች፤ አመለጠቻትና ፒያኖው ሆድ ውስጥ ቂው አለች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት።

«ይስጡኝ» አሉ ሚስተር ፕሩት። «ያወጣው እጅ ያስገባ። እርስዎ ያንብቡ።»

እሷ አነበበች፣ እሳቸው ሰኩ። መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደው፣ ለበቅሎ መድኃኒት እንደሚያጠጣ ሰው ነበር።

«ይህቺ ምን ታድርግ?»

«ታንኳኳ።»

«ይህችስ?»

«ታልቅስ። ግን በቀስታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።»

«አቤት የሰው ሥራ ብዛቱ» አሉና ቁልፉን መቱት። ክሯ በቀስታ አለቀሰች። ሽማግሌው እንደገና መቱት፤ ከዚያ ሳይጠየቁ እጃቸውን ለሚቀጥለው ዘረጉ።

ሰው መግባት ጀመረ። ከፊሉ ዝናብ ሸሽቶ ነው፤ ጃንጥላው ያሳብቅበታል።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር አንድ ብሎን ቀረ።

«ከዳር ሦስት ጣት» አለች ዊኒፍሬድ።

ሰኩት። መቱት። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ሦስት ጣት ይላል» አለች።

«ደብተርሽ ተሳስቷል። ስሚ።» ብሎኗን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው መቱት። ዊኒፍሬድ ደብተሩን ዘጋችው። ያን ድምፅ በጭንቅላቷ እንጂ በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም ነበር።

«ገና ነው» አሉ ሚስተር ፕሩት። «ትንሽ ቀርቶታል።»

ቀዩ መብራት በራ። የሬዲዮው ሰውዬ በሁለት እጁ ይጀምሩ፣ ይጀምሩ ይላታል። ሽማግሌው ዞር ብለውም አላዩት። ግማሽ አካላቸው ፒያኖው ውስጥ እንዳለ፣ ጆሯቸውን ክሩ ላይ ደፍተው፣ አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ።

ከተማው ሁሉ በየሬዲዮው ዝምታ እየሰማ፣ ዊኒፍሬድ እጆቿን ከቁልፎቹ በላይ አንጠልጥላ ጠበቀቻቸው።