ከፕላስቲኩ ሥር

ሽማግሌው መርቭ ጋራዡ ውስጥ ተንበርክከው፣ ማታ እርጥበት ለመፈተሽ ወለሉ ላይ ዳር ዳሩን በፕላስተር ያጣበቁትን ፕላስቲክ ገለጡት። ሥሩ ያለው ሲሚንቶ እንዳላበው ግንባር ውሃ ችፍ ብሎበታል። “እየው፣ እርጥበቱ ከታች ነው የሚመጣው” አሉት ልጃቸውን ግሌንን። “ወለሉን ቀለም ብትቀባው የከተማችን የባላራት ክረምት ሳይወጣ ይላጣል። ደግሞ የእኔ አሮጊት መኪና ምን ጌጥ ያሻታል? ዘይቷን ታንጠባጥብበት።” ግሌን የቀለም ናሙናዎቹን አገላበጠ። ሽማግሌው ቤቱን በስሙ ካዞሩለት ገና ዓመት አልሞላም።

ምራታቸው ትሬሲ ከበሩ ላይ ሆና፣ “አባባ፣ ግራጫው ይሻላል ወይስ አሸዋማው?” አለቻቸው።

“መቀባቱ ካልቀረ ግራጫው። የዘይት እድፍ አያሳይም።”

“መኪናዋማ ትወጣለች። እኔ እንኳ አሸዋማውን ያልኩት ሞቅ ስለሚል ነው፤ ጠዋት እዚህ ከአልጋ ሲወርዱ እግርዎን እንዳይበርድዎት።”

መርቭ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። ግሌን ዓይኑን ከናሙናው አልነቀለም።

“እርጥበቱስ?” አሉ በመጨረሻ።

“ምንጣፍ ጣል እናደርግበታለን፣ አባዬ” አለ ግሌን።

ሽማግሌው ፕላስቲኩን ወደ ቦታው መልሰው፣ ፕላስተሩን ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ አጣበቁት።