የመጨረሻው ፓንጎሊን

ቤተል ፒያሳ ኬክ ቤት ተቀምጣ ስልክ ትጠብቃለች። እሷና ባልደረቦቿ ከኮንትሮባንዲስቶች አስጥለው ጫካ የለቀቋቸው ቅርፊታም ጉንዳን በል እንስሳት፣ ፓንጎሊኖቹ፣ አንበላም ብለው፣ እንደተጠቀለሉ አልቀው አንዱ ብቻ ቀርቷል። እሱን ጫካ ሆኖ የሚከታተለው ባልደረባዋ ዘሩባቤል እንደ ወትሮው ጠዋት ደወለ።

«መብላት ጀመረ?» አለችው፣ ገና ሄሎ ሳይል።

«ጀምሯል። ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ ጠግቧል።»

እፎይ ከማለቷ በሩ ተከፈተና ዘሩባቤል ራሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ።

«ቤቲዬ፣ ሳልደውልልሽ ጠፋሁ አይደል?» አላት። «ስልኬ ባለፈው ሳምንት የእንስሳው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆብኝ እዚያው ቀረ።»

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ኬኳን ገፋ አደረገችለት። ዘሩባቤል ዞር ብሎም ሳያየው ወንበሩ ላይ ኩርምት አለ።

«የእናንተውስ?» አላት ጆሮዋ ላይ ያለው የዘሩባቤል ድምፅ። «ፒያሳ ደረሰ? መብላት ጀመረ?»