አመድ አፋሽ

በአባካሊኪ ከተማ የሩዝ ወፍጮ ጀርባ የገለባ ተራራ አለ። ዓመቱን ሙሉ ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ከኡጎዲያ በስተቀር። ኡጎዲያ ሩዝ ቀቃይ ናት፣ ሩዙን ከመፈተጉ በፊት በበርሜል ትቀቅላለች፤ ባሏ አሌጉ ከሞተ ወዲህ ደግሞ አመድ አፋሽ ሆናለች። ስድቤ አይደለም፣ እውነቴን ነው! ግራጫውን አመድ በጆንያ ታፍሳለች፣ በወንፊት ትነፋለች፣ ካለቻት ጥቂት ሲሚንቶ ጋር ቀይጣ ብሎኬት ትሠራለች።

ወዳ አይደለም። የባሏ ዘመዶች መሬቱን ሊወስዱባት ነው።

የዘመዶቹ ታላቅ ንዊቦኮ ቁርጡን ነግሯታል። "ሚስታችን፣ ቤት ያልቆመበት መሬት ባለቤት የለውም። ለባልሽ ወንድም ለኤሎም ይሆናል።"

"በአመድ እሠራዋለሁ፣ አባ።"

ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። "እንግዲያው ብሎኬትሽን አምጪ፣ ከራሴ በላይ አንሥቼ ሸንጎው ድንጋይ ላይ እጥለዋለሁ። ከተረፈ ለመሥራት ጊዜ እሰጥሻለሁ። ከተሰበረ ግን አታልቅሺብኝ።"

የአመዱን ነገር የሰማችው ወፍጮው ድረስ ከመጣ አስተማሪ ነው። የገለባ አመድ ከሲሚንቶው ከፊሉን ይተካል አላቸው ለወፍጮው ሠራተኞች። መጠኑን እንደነገራቸው ኡጎዲያ በርሜሏ እንዳይገነፍል ተነሥታ ሮጠች። ኤሎም ግን አፉን ከፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማው። "ምን ሊሰልል ነው?" አለች በሆዷ።

ዋርሳዋ ኤሎም! አሌጉ እንደተቀበረ ዘመዶቹ ለሱ ሊያወርሷት ቢነሡ፣ ዘነዘና ይዛ እስከ ገበያው ድረስ አባራዋለች። አገሩ ያንን ሳቅ እስካሁን አልጨረሰም። ዛሬም ኤሎም አንዲት ጀሪካን ቢያቀብላት "አሁንም ይመኛታል!" እያሉ ያሙታል፤ ስለዚህ ሰው ፊት ከስድብ በቀር ምንም አያቀብላትም።

"ሚስታችን!" ይላታል መንገድ ላይ። "ቤትሽ ውስጥ እንዳታስነጥሺ አደራ፣ ጣሪያው ብቻ ይተርፍሻል!"

"አመድ በዱቄት ይስቃል አሉ! አንተም ሰው ሆነህ በኔ ትስቃለህ?"

ጊዜው ሐርማታን ነው፤ ከበረሃ የሚመጣው ነፋስ ከንፈር የሚሰነጥቅበት፣ ጉድጓዱ ሁሉ የሚደርቅበት። ታዲያ አንድ ቀን ከወፍጮ ስትመለስ ብሎኬቶቿ ውሃ ያንጠባጥባሉ። በማግሥቱም እንዲሁ። አጥሩ ሥር የጋሪ ጎማ ዱካ አለ።

"እናቴ ድረሽ!" አለች። አመድና ውሃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሴት አገሩ ውስጥ የለም። ድንጋይ የሆነውን ባቄላ ገንፎ የሚያደርገው የአመድ ውሃ አይደል? ባቄላን እንዲህ ካደረገ ብሎኬቱን ምን ሊያደርገው ነው?

ጎረቤቷ ኦጌሪ ግን ነገሩ አልገባትም። "ለልጆቼ የምሰጠው ውሃ ጠፍቶ፣ ለተንኮል ብሎ የሚደፋ ሰው አለ?"

"ምቀኛ ራሱ እየተጠማም ቢሆን ይደፋል!"

በማግሥቱ ወፍጮ የሄደች መስላ ፓፓያው ጀርባ ተደበቀች። መጣ። ኤሎም ነው። ጋሪውን እየገፋ፣ ግራ ቀኝ እያየ ገባና ጀሪካኑን ቀስ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው፣ ብሎኬቶቹ ላይ አፈሰሰ።

"አንተ እባብ!"

"ሚስታችን፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል…"

"ይስማ! መሬቱ አልበቃ ብሎህ ላቤን ልታሟሟ!"

"ስሚኝማ፣ አስተማሪው እኮ ውሃ ካልጠጣ…"

"አስተማሪው ሂድና አጥፋ አለህ?" አካፋዋን አነሣች። ኤሎም ጋሪውን ጥሎ ፈረጠጠ። ወፍጮው ሁሉ ወጥቶ ሳቀበት፤ "አመድ አጣቢው!" እያለ የሚከተለው መዓት ነበር።

ኡጎዲያ ብሎኬቶቿን ሩዝ ከምትቀቅልበት ዳስ አስገባች። በርሜሉን ከበው ሲቀመጡ እሳቱ ይመታቸው ጀመር። ደርቀው፣ ነጥተው፣ ቀለል አሉላት። "አሁን ዳኑ" አለች። አጥሩ ሥር የነበሩት አራቱ ብቻ እጅግ ርሰው፣ ከብደው አልነሣ አሏት፤ እነሱን ተስፋ ቆርጣ ተወቻቸው።

ኤሎም ግን እነሱንም አልማራቸውም። ከአጥሩ ማዶ ውሃ ሲደፋባቸው ትሰማለች።

"እጠብ!" ትጮሃለች ከዳሱ ውስጥ። "ሬሳ ነው የምታጥበው!"

የሸንጎው ቀን ደረሰ። ከደረቁት መርጣ ሦስት አመጣች። ኦጌሪ ደግሞ ተንኮሉን ዘመዶቹ ይዩት ብላ ከራሱት አንዱን ኤሎም ጥሎት በሸሸው ጋሪ ገፍታ መጣች።

ንዊቦኮ የመጀመሪያውን አንሥቶ ጣለው። አመድ ሆነ። ሁለተኛው ሲነሣ እጁ ላይ ተሸረፈ። ሦስተኛው መሬት ሳይነካ የተበተነ መሰለ፤ ነፋሱ አቧራውን ወስዶ ሽማግሌዎቹ ፊት ላይ ነዛው። የሳቀ አልነበረም።

ሽማግሌው ኦፎውን፣ የዳኝነት በትሩን፣ መሬት ላይ መታ። ኦፎ ከመታ ወዲያ ቃል አይመለስም። "መሬቱ የኤሎም ነው።"

ኤሎም ዓይኑን ጋሪው ላይ ተክሎ ቀረ።

"ምን ታያለህ?" አለች ኡጎዲያ። "ያጠፋኸውን? ሁሉም ይይልሃ!" የራሰውን ብሎኬት ታቅፋ ተነሣች፣ ከራሷ በላይ አነሣችው፣ ባላት ኃይል ሁሉ ሸንጎው ድንጋይ ላይ ወረወረችው።

ድው ብሎ አረፈ፤ ጠርዙ እንኳን አልተሸረፈም።