ኦርጅናሉ ዲግሪ

ሌንሳ ልጇን ቦንቱን አዝላ ወደ ብዙነህ ቢሮ ስትወጣ ይሄ አራተኛ ጊዜዋ ነበር። ብዙነህ መምህራንን ወደ ሲሼልስ የሚልክ ወኪል ነው፤ ቢሮው አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ፎቅ ላይ ነው። የፊዚክስ መምህሩን ባሏን ጋሮምሳን የደሴቱ ትምህርት ቤት በቪዲዮ ጠይቆ ወዶታል። የቀረው የዲግሪው ማረጋገጫ ብቻ ነው። እሱም ሦስት ወር አለፈው።

«አልመጣም፣ እህቴ» አላት ብዙነህ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

ስለ ብዙነህ ብዙ ይወራል። ጎረቤቷ ሑስና፣ የሰው ኦርጅናል ተቀብሎ ስም እየቀየረ ይሸጣል ሲባል ሰምታለች። ጋሮምሳም ሌባ ነው ብሎ ከፎቶ ኮፒ በቀር አልሰጠውም። እንዲያውም ተይው፣ እዚሁ እንኖራለን ማለት ከጀመረ ሰነበተ።

ሌንሳ ግን የምትተው አይደለችም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያቋረጠችው እሱ ይማር ብላ ነው። እሱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እሷ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ገባች። አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ ጭኮ እየሠራች፣ ገርባ በሚባል የሚኒባስ ሾፌር ትልክለት ነበር። ኋላ ላይ የመስክ ልምምድ ላይ ነኝ ስላላት ገርባ ላንጋኖ መገንጠያ ላይ ያወርድለት ጀመር። የምርቃቱ ዕለት በወረርሽኝ ምክንያት ቤተሰብ አይገባም ተባለና አልሄደችም፤ በጋዋን የተነሳው ፎቶ ግን ግድግዳው ላይ አለ። ተመልሶ በመጣ ሰሞን ሦስት ሳህን ባንድ ክንዱ ደርድሮ እራት ሲያቀርብላት በሳቅ ፈረሰች። ዶርም የማያስተምረው የለም አላት።

«ስማ» አለችው ብዙነህን፣ ወረፋ የያዙት ሁሉ እስኪዞሩ። «ባሌ የተማረ ሰው ነው። ያልተማርኩት እኔ ነኝ። አልተማረችም ብለህ የምትጫወትብኝ እንዳይመስልህ።»

«መዝገቡ ያለው እኔ ጋ አይደለም፣ እህቴ። ካላመንሽኝ ራስሽ ዩኒቨርሲቲው ሄደሽ ጠይቂ።»

«እሄዳለሁ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ዞር ብላ እስኪያቀረቅር አየችው።

ጋሮምሳ ስትነግረው ደነገጠ። ቦንቱ ታስላለች፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እኔው እሄዳለሁ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚለውን ስትሰማው ከርማለች። በማግስቱ ክፍል ሲገባ ጠብቃ ኦርጅናሉን ከሻንጣው አወጣች፣ በነጠላ ጠቀለለችና ሚኒባስ ተሳፈረች።

ዩኒቨርሲቲው ስትደርስ ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ከምሳ በኋላ ነይ አሏት። ንቅንቅ አላለችም። ከአዳማ ልጅ አዝዬ የመጣሁት ለምሳ አይደለም አለች። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀበሏት፤ ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ቆዩበት። ከዚያ ትልቁን መዝገብ አወረዱ።

«ስሙን ንገሪኝ።»

ወረፋው ሁሉ እንዲሰማት ቀና አለች። «ጋሮምሳ ቶሌራ። ፊዚክስ።»

የሰውየው ጣት ዝርዝሩን ተከትሎ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ጀርባዋ ላይ የተኛችውን ቦንቱን አዩ።

«ልጄ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ ተማሪ በገባ በሦስተኛው ወር ነው ጥሎ የወጣው።»