የዶክተር ተሻለ ዝውውር

ዶክተር ተሻለ ቆላውን አልወደደውም። በ1970 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች ትንሽ ሐኪም ቤት ሲመደብ፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ተብሎ ነበር።

በመጣ በጥቂት ወሩ የሰባት ዓመቷን መሪያምን ቀዶ፣ ከጉልበቷ ሥር ካበጠው ቦታ ብዙ መግል አወጣ። ቁስሉ ሻረ። ነርቩ ግን ተነክቶ ኖሮ ቀኝ እግሯ መጎተት ጀመረ።

«ከመቶ አንድ ሰው ላይ የሚያጋጥም ነው» አላት እናቷን ጠይባን። «መግሉ ወደ ደሟ ቢገባ ትሞት ነበር። ሕክምናው ተሳክቷል።»

«በእግሯ ነበር ይዣት የመጣሁት» አለች ጠይባ።

ያን ሰሞን ተሻለ የጠይባን ባልና ወንድሞች ፈርቶ ሲመሽ ከቤት አይወጣም ነበር። ማንም ግን አልነካውም። ውሎ አድሮ ጠይባ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነች፤ መንገድ ላይ ስታገኘው ቆማ ሰላም ትለዋለች። በየጠዋቱ ልጇን ወደ ትምህርት ቤት የምትወስደው በሐኪም ቤቱ ግቢ አቋርጣ ነው። መንገዱ በመስጊዱ በኩል ያጥር ነበር። እሷ ስታልፍ ተሻለ መድኃኒት ክፍል መግባት ለመደ።

ሁለቱ ዓመት ሞላ። ዝውውር ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ሻንጣውን ሸክፎ ሳለ ተሰረዘ። በዓመቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ።

ማን እንደሚያሰርዝበት አልጠፋውም። ካድሬው አለባቸው በስብሰባ ላይ «ጓድ ዶክተር፣ እኛ ሳንለቅህ የትም አትሄድ» ብሎ ስቆበታል።

አዲስ አበባ ያለችው ሚስቱ መጠበቅ ሰልችቷት የፈታችው ዕለት፣ ተሻለ በሩን ዘግቶ ተቀመጠና «አለባቸው ለወንበዴዎች መድኃኒት ያቀብላል» ብሎ ለደኅንነት ቢሮ ጻፈ። በሳምንቱ ሁለት ታጣቂዎች ሰውዬውን ከቢሮው አውጥተው በላንድሮቨር ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ተሻለ ያን ቀን ምሳው ጣመው።

አራተኛው ዝውውርም ተሰረዘ።

ይሄኔ ራሱ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጸሐፊው አስፋው ፋይሉን አውጥቶ አገላበጠ።

«በየጊዜው ተቃውሞ ይመጣል፣ ዶክተር።»

«ከአለባቸው ነዋ። አሁንስ እሱ የለ፤ ማን ቀረ?»

«ኧረ አለባቸውማ ‹ቤቱ ሊፈርስበት ነው፣ ልቀቁት› እያለ ሦስት ጊዜ ጽፎልዎታል።»

ተሻለ ፋይሉን ለመሳብ እጁን ዘረጋ።

«ሕዝቡ ነው የወደደዎት» አለ አስፋው ፈገግ ብሎ፣ ከፋይሉ አንዱን ወረቀት እየሳበ። «አራቱም የሴቶች ማኅበር ማመልከቻ ነው፤ ‹የእጁን ሥራ በየቀኑ እያየ እዚሁ ያርጅልን› ይላል፤ ፈራሚዋ ጠይባ።»